ክብርት እትዬ መጨረሻው

ልብ ወለድ ባለበት ሁሉ መጨረሻ ነጋሪ አይጠፋም። በሽታ ነው እንዳይባል፣ በሽታስ መድኃኒት አለው!

የልብስ ስፌት ቤቱ መጨረሻ ነጋሪ ካውያ የያዙት ክብርት እትዬ መጨረሻው ናቸው። ሴቶቹ አንዱን መጽሐፍ በየተራ አንድ አንድ ሳምንት ያነባሉ። እትዬ በዕድሜ ስለሚበልጡ ሁሌም ቀዳሚዋ እሳቸው ናቸው፤ መከራውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቁልፍ ሰፊዋ ወር ሙሉ ጠብቃ ተራዋ ደረሰ። ቤቷ ሦስት ልጆች እየተራገጡ ማንበብ አይታሰብም፤ ያላት የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት፣ መጽሐፉ ውስጥ፣ ፈረሰኛው በመስፍኑ ልጅ እግር ሥር ተንበረከከ። ልጅቷም «ተነስ፣ ምንጣፉ አዲስ ነው» አለችው። ቁልፍ ሰፊዋ ጉርሻዋን ሳትውጥ በሳቅ ፈነዳች።

«እኔ ምንም አልነግርሽም» አሉ እትዬ ከካውያው ጀርባ። «ብቻ ፈረሰኛውን ብዙ አትልመጂው።»

«ሊሞት ነው?»

«ውይ! ከአፌ ወጣ እንዴ?»

ደሟ ፈላ። «ምን በደልኩዎት? ያለችኝ አንዲት የምሳ ሰዓት ናት፤ እሷንም ለቅሶ ቤት አደረጉብኝ!» ቀድመዋት ያነበቡት ሴቶች ስፌታቸው ላይ አቀረቀሩ። ፈሪ ሁላ!

ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ሸሚዞቹን ካውያው ጠረጴዛ ላይ ወርውራ ትመለሳለች። ፈረሰኛው በቀለደ ቁጥር አንጀቷን ይበላታል። ሌላ ጊዜ መጨረሻውን ገጽ አስቀድማ ሰርቃ ታይ ነበር፤ አሁን ግን እጇ እምቢ አላት። ሐሙስ ፈረሰኛው ዘመተ፤ መውደቁም ተሰማ። እያለቀሰች እትዬን ረገመቻቸው።

ዓርብ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በር ተንኳኳ። ፈረሰኛው ነው፤ እያነከሰ፣ ግን በሕይወት! የመስፍኑ ልጅ አየችውና «ተንበርከክ» አለች፤ «ምንጣፉ አርጅቷል።»

ቁልፍ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ሸሚዝ ጠቅጥቃ ጮኸች። ተነስታ ወደ ካውያው በረረች።

«አልሞተም! ዋሹኝ!»

«ቀስ በይ፣ ጨርቅ ቆራጯ ትሰማለች! ቀጣዩ ተራ የሷ ነው» አሉ እትዬ ኮሌታ እያቃኑ። «አንቺ መጽሐፍ ስትይዢ መጀመሪያ የምትገልጪው መጨረሻውን ነው። ይሞታል ባልልሽ ይቺን ጩኸት ከየት ታመጪያት ነበር? እኔማ እሷን ገጽ ሳላውቃት ደግሜ ባነባት ምን ነበረበት።»

ልትቆጣቸው አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን የለም። ጉንጫቸውን ስማ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት መጽሐፉን ለቆራጯ ስታስረክብ ፊቷን የሐዘንተኛ አስመሰለች።

«እኔ ምንም አልነግርሽም፤ ብቻ ፈረሰኛውን ብዙ አትልመጂው።»