አዲሱ ስልክ፣ ታጣፊው ስልክ እና የኔ ልደት

እኔና ባሌ አስፋው አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሁለት ስልክ ፎቶ ማንሳት ነበር። ስልኮቹን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንሺው እሱ ነው።

«እጅሽን አታንቀጥቅጪ!»

«ምስሩ እያረረ ነው!»

«ምስር ሌላ ይሠራል። ይኼ ብርሃን ግን ይሄዳል።»

ምስሩ አረረ። ፎቶው አማረ። ያ ዕለት ማክሰኞ ነበር፤ ሐሙስ ልቡ ቆመ።

ይህን የምጽፈው ላስለቅሳችሁ አይደለም። ዛሬ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ኪልበርን ሰፈር ውስጥ አንድ ስልክ ቤት ገብቼ የሆንኩትን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ብዬ ነው።

ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ዐሥራ አንድ ዓመት አርጅቻለሁ!

አላጋነንኩም። እየቆጠራችሁ አንብቡ።

የዚህ ገጽ የቆያችሁ ተከታዮች ታውቁኛላችሁ፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን። አስፋው አውቶቡስ መንዳቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር እዚህ በአማርኛ ሲያወዳድር፣ ስልኩን የያዘችው ባለ ቀለበት እጅ የኔ ናት። ኮሜንት ላይ «እጁ የማን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት «የረዳቴ» እያለ ይመልስላችሁ ነበር።

አንብቤዋለሁ። ያን ቀን እራቱን ራሱ ነው የሠራው።

ባለፈው ሳምንት በእሱ ስልክ ቴክስት ገባ። «ውድ አስፋው፣ ሲጠብቁት የነበረው ስልክ መጥቷል፤ ተራዎ ደርሷል።» አስፋው የስልኩ ወሬ ገና ከተሰማ ጀምሮ ወረፋ ይዞ ኖሯል። ስምንት ወር ዘግይታችኋል ብዬ ልመልስላቸው ጀምሬ አጠፋሁት። ምን ያድርጉ፣ አያውቁ።

ልተወው? ወይስ ልሂድ?

«እንሂድ እንጂ!» አሉ እትዬ ለተ። እትዬ ለተ ኬንቲሽ ታውን ያለው ሕንፃችን ውስጥ ከበላያችን ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸውን ለጠየቀም ላልጠየቀም የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት ስንጎራበት አንድ ቀን እንኳ «አንቺ» ብያቸው አላውቅም። ታላቄ ናቸዋ!

ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ስልክ ቤቱ ወረፋ ነበረው። ከፊታችን የቆመ አንድ ያገራችን ሰው ጥቁር ልብሴን አይቶ «እህቴ፣ እለፊ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። እህቴ! ቀኑ እንዴት ደስ ብሎ እንደጀመረ አያችሁ?

ያስተናገደችን ሞሪን የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደርባባ ሴት ናት። የአስፋውን አሮጌ ስልክ ተቀብላ፣ ያለበትን ሁሉ ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመረች። እስኪያልቅ ድረስ «በሉ ሌሎቹንም ሞክሩ» አለችን።

ሞከርና!

እንግዲህ የመጀመሪያ አስተያየቴ ይኸውላችሁ። አንደኛ ተወዳዳሪው ታጣፊው ነው። እንደ ዳዊት መጽሐፍ ይከፈታል፣ ያምራል፣ ሲዘጋ ደግሞ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው። እትዬ ለተ ሦስት ጊዜ ከፍተው ሦስት ጊዜ ዘጉት። በአራተኛው የነጠላዬን ጥለት ይዞ ተዘጋ። ሞሪን መጥታ ክሩን አንድ በአንድ ስትፈታ፣ እኔ በሽቦ ከጠረጴዛው ጋር በተያዘው ስልክ እንደታሰረች በግ ቆሜ ነበር።

ካሜራውስ? ፎቶ አነሳኝ። አየሁት። ዓይኔ ሥር ያለው መስመር የለም! አንገቴም ላይ የለም!

«ይኼ ስልክ ውሸታም ነው» አሉ እትዬ ለተ።

«ጨዋ ነው» አልኳቸው።

አዲሱ ግን፣ አስፋው የጠበቀው፣ ሌላ ነው። ስክሪኑ ቀን ብርሃን ላይ አይጠፋም። ጥቁር ልብሴን ሰማያዊ ሳያደርግ በጥቁርነቱ አወጣው፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ብቻ ነው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው። ፊቴንም አወጣው። ሁሉንም! አንድ መስመር አላስቀረም።

ወዲያው ጠላሁት።

ይኼኔ ሞሪን ጠራችን። «ሁሉም አልፏል፣ ዳርሊንግ። አንድ ፎልደር ብቻ አልከፈት አለ።»

የፎልደሩ ስም በአማርኛ ተጽፏል፤ «አዲሱ ሲመጣ»። ከሥሩ የይለፍ ቁጥሩን የምታስታውስ አንዲት ቃል አለች፤ «ልደቷ»።

«ቀን፣ ወር፣ ዓመት አስገቡ» አለች ሞሪን። «ግን ተጠንቀቁ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ ማንም አይመልሰውም።»

አስፋው ለዚህ ስልክ ያዘጋጀው ጽሑፍ ነው ማለት ነው። ከሞተ ወዲህ ያላነበብኩት የሱ ቃል ይኸው ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሌላ አይመጣም።

ልደቴን ሊያቅተኝ ነው? ምን ችግር አለው!

የማንበቢያ መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር የሚጽፉት እትዬ ለተ ሆኑ። በወረቀቴ ላይ ያለውን ነገርኳቸው፤ ጃንዋሪ አንድ፣ ከነዓመቱ። ከኛ ዘመን ስደተኛ መካከል ጃንዋሪ አንድ ያልተወለደ ስንት ሰው አለ?

ስህተት።

«ሁለት ቀረ» አለች ሞሪን።

እትዬ ለተ ጭንቅላቴን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «አንቺ፣ አስፋው መቼ የፈረንጅ ቀን ያከብር ነበር?»

እውነታቸውን ነው! ቤታችን ግድግዳ ላይ የፈረንጅ ካሌንደር ተሰቅሎ አያውቅም። የሐኪም ቀጠሮ ሳይቀር በመስከረምና በጥቅምት መልሶ ነበር የሚጽፈው። እኔ የተወለድኩት ጥር ሃያ አንድ ነው፤ የእመቤታችን በዓል ሲደርስ በየዓመቱ ዶናት ገዝቶ ይመጣ ነበር። ጥር ደግሞ አምስተኛ ወር ናት። ስለዚህ ሃያ አንድ፣ አምስት፣ ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር።

ተጻፈ።

ስህተት!

«አንድ ቀረ» አለች ሞሪን፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቤት ሄደሽ ብታስቢበት ይሻላል።»

ቤት ሄጄ የማስበው ምን አለ? ቀኑ ልክ ነው። ወሩ ልክ ነው። የቀረው ዓመቱ ነው።

የዓመቱን ጉዳይ ደግሞ ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ስገባ ወረቀቴን የሞላው ሰው የነገርኩትን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲለውጥ፣ ስምንት በሚደመርበት ዐሥራ አንድ ደመረ። በእስክርቢቶ ሦስት ዓመት ወጣት አደረገኝ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ሳስተውል ደግሞ... አስፋውን ተዋወቅሁ። «መቼ ተወለድሽ?» ሲለኝ ወረቀቱ ያለውን አልኩት። ሦስት ዓመት የቀነሰልኝን ሰው ተሳስተሃል ብዬ ልመልሰው? እናንተ ትመልሱት ነበር?

ከዚያ ሁሉ ዓመት ኖርን። «አምስት ዓመት እበልጥሻለሁ፣ ስሚኝ እንጂ» ሲለኝ ኖረ። የሚበልጠኝ በሁለት ነበር።

ቅጣቱንም አግኝቻለሁ! ጡረታዬ ሦስት ዓመት ዘገየ። ጉልበቴ እያመመኝ ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ቆሜ ዕቃ ሳሽግ፣ ሌሎቹ የዕድሜ እኩዮቼ በነፃ አውቶቡስ ይዝናናሉ። ለራሴ ኩራት ስል እንጂ ማንም አላዘዘኝም።

እዚያው የስልክ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ይህን ሳስብ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ሻዩ።

በወረቀት ስልሳ ሦስት በሞላኝ ጥር ሃያ አንድ ጠዋት፣ አስፋው ከኔ ቀድሞ ተነስቶ ዝንጅብል ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የሥራሽን ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ» አለ። «አይዞሽ፣ ሦስት ዓመት ምን አላት?» ጡረታ እስክወጣ አንድ ጠዋት አላጓደለም።

ያኔ ለምን በዚያ ቀን እንደጀመረ አልጠየቅሁትም። ለስልሳ ሦስተኛ ልደት ማን ሻይ ማፍላት ይጀምራል? በእውነቱ ግን ያን ቀን ስልሳ ስድስት ሞልቶኝ ነበር። ጡረታ መውጣት የነበረብኝ ያን ቀን ነው።

ያውቅ ነበር?

ካላወቀ፣ ይህን ቁጥር ሳስገባ ጽሑፉ ይጠፋል። ካወቀ ደግሞ...

«እትዬ ለተ፣» አልኩ ጠጋ ብዬ፣ «ከዓመቱ ላይ ሦስት ይቀንሱ።»

«ምን?»

«ሦስት ይቀንሱ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለው ይቀንሱ!»

ዝም ብለው የሚቀንሱ መሰላችሁ? ጣታቸውን እያጠፉ ጮክ ብለው ማስላት ጀመሩ። ሲጨርሱ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ታዲያ ሰባ ሞልቶሻል! አንቺ! የምበልጥሽ እኮ በአንድ ዓመት ብቻ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ አንቱ እያልሽ አሳረጀሽኝ!»

ስልክ ቤቱ ዞረ። አማርኛ የማያውቀው ሁሉ ዞረ።

«እትዬ ለተ፣ ይጻፉልኝ እባክዎ።»

«እባክዎ ትላለች ደግሞ! እባክሽ በይ!»

«እባክሽ ጻፊልኝ!»

ሦስት ቀነሱ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ። ፊቴን አዩና፣ ቀልዱን ተዉት። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ በለሆሳስ።

«አይደለሁም» አልኳቸው። «ንኩት።»

ነኩት።

ተከፈተ።

«ይኼ ሌባ!» ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጮህኩ። ሞሪን ደንግጣ ወደ በሩ ተመለከተች። እትዬ ለተ በእንግሊዝኛ አረጋጓት፦ «ባሏን ነው። አትስጊ፣ የትም አይሄድም።»

ሞሪን የገባውን ቁጥር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብባ ኖሮ እጄን ጨበጠችኝ። «ሰባ ስምንት ዓመት! በፍጹም አትመስይም፣ ዳርሊንግ!»

ቆጠራችሁ? ስልሳ ሰባት ሆኜ ገባሁ። ሰባ ሆንኩ። ሰባ ስምንት ሆኜ ወጣሁ!

ያ «እህቴ» ያለኝ ሰውዬ በሩን ከፈተልን። «እንኳን አደረሰዎት፣ እማማ» አለኝ።

እማማ!

አውቶቡሱ ላይ ፎልደሩን እትዬ ለተ አነበቡልኝ። ጽሑፍ አልነበረም። የሚሞላ ቅጽ ነው። አስፋው የሠራው፣ መልሱን ባዶ የተወው።

«ክብደት፦ እሷ ይዛ ትናገር።

የጣት አሻራ፦ በርበሬ በነካ እጇ ይሞከር።

ካሜራ፦ በሷ ፊት ይሞከር። የሰባ ዓመት ፊቷን ሳይቀንስ ካወጣ፣ ጥሩ ካሜራ ነው።»

እትዬ ለተ ሁለተኛ ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛም አስነበብኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም እስክንወርድ ድረስ በመስኮት አየን።

ቤት ገብቼ ሞላሁት። ክብደቱ ግማሽ ሎሚ የተጨመረበት የአስፋው አሮጌ ስልክ ያህል ነው፤ አንድ እጅ ያደክማል፣ ኪስ ግን አይጎትትም። ታጣፊው ከሱ ይከብዳል፣ ነጠላም ይበላል። በርበሬ የነካ አውራ ጣቴን አዲሱ በሁለተኛው ሙከራ ለየው፤ አሮጌው እጄን ታጥቤም አይለየኝም ነበር። ካሜራው አልቀነሰም። ጠዋት የጠላሁትን ፎቶ እዚህ ከላይ ለጥፌዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አያችሁት።

እንግዲህ ከዛሬው የተማርኩት፦ ሠላሳ ዓመት ባሌን ሸወድኩ ብዬ፣ እሱ ግን እያወቀ ሻይ እያፈላልኝ ለኖርኩ ሴት የሚሆን ስልክ ተሠርቷል? እኔንጃ። ለጊዜው ይኼ የማይዋሸው ይበቃኛል።

ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ራሴ አፈላለሁ፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ቆሜ ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እዚህ ለእናንተ እጽፋለሁ።