ያድጉበታል የተባለው ካልሲ

እኛ ለልጅ ልብስ ስንገዛ የምንለካው ልጁን አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሆነውን ልጅ ነው። «ያድግበታል» እንላለን። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት እጅጌው ሦስቴ በታጠፈ ኮት ነበር፤ ኮቱ ልክ ሊሆነኝ ሲል ክርኑ ተቀደደ። እናንተም ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኮት አታጡም።

በሰው አገር፣ ኪሰንዪ በሚባል የገበያ ሰፈር ውስጥ፣ ከሱቄ ጎን ክር የምትሸጥ የወሎ ሴት አለች፤ እትዬ ዘይነባ። ንግዱ ሲቀዘቅዝባት በእጅ የሚዞር የካልሲ ማሽን ልትገዛ ተነሳች። ሙቱንጎ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ናሙናዋን ከወደደ የተማሪዎቹን ካልሲ ሁሉ ሊያሠራት ነው፤ ካልወደደ ሱቁን መዝጋቷ ነው።

የማሽኑ ልብ ሲሊንደር የሚባለው፣ መርፌዎቹ ዙሪያውን የሚደረደሩበት ብረት ነው። ሻጩ ባለ ሃምሳ አራት መርፌና ባለ ሰባ ሁለት አቀረበላት። እጀታውን ባዞሩት ቁጥር ካልሲው ይረዝማል፤ ስፋቱን የሚወስነው ግን የመርፌው ብዛት ነው። አቅሟ ለአንዱ ብቻ ነበርና እኔን አማከረችኝ። እንግሊዝኛ ስለምናገር ሁሉን የማውቅ ይመስላታል። እኔም አላስተባበልኩም።

«ትልቁን ውሰጂ» አልኳት፤ «ልጆች ያድጋሉ።»

ናሙናው የሚታይ ዕለት አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። ርእሰ መምህርቷ ካልሲውን ለአንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ አስደርገው ግቢውን ዞራ እንድትመጣ ላኳት። ስትሄድ ካልሲው ጉልበቷ ሥር ነበር። ስትመለስ ጫማዋ ውስጥ ገብቷል። እኔ ስለ ልጆች ዕድገት ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ፤ ሴትዮዋም በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ታድጋለች» አሉኝ፤ «የምትሄደው ግን ዛሬ ነው።»

መተርጎም አላስፈለገኝም፤ እትዬ ዘይነባ የልጅቷን እግር እያየች ነበር። በጣም አፈርኩ። «ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። መካሪው ራሱ መከራ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን አባቶቻችን አልነገሩንም። ደግነቱ ርእሰ መምህርቷ የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጡን።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ የልጅቷን እግር ልክ በወረቀት ይዛ፣ እኔን ሳታማክር፣ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ ሻጩ ሄደች። ለምና፣ ተከራክራ ሲሊንደሩን በትንሹ፣ በባለ ሃምሳ አራቱ፣ አስለወጠች። ስትመለስ እግር የሚያድገው በብዛት ወደ ፊት መሆኑን፣ ርዝመቱን ደግሞ እጀታውን ጥቂት ጨምሮ በማዞር ማስተካከል እንደሚቻል አስረዳችኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ያለ እንግሊዝኛ ደርሳበታለች። በሳምንቱ አዲሱ ናሙና ታይቶ ሥራው ተሰጣት።

ባለፈው ቅዳሜ ቂም እንዳልያዘችብኝ ልታሳየኝ ይመስለኛል፣ ለልጄ አንድ ጥንድ ልትሠራላት የእግሯን ቁጥር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወዲያው፣ አፌ ቀድሞኝ፣ «ትንሽ ሰፋ ብታደርጊውስ?» አልኩ።

 እሷ ግን ልጄን ጠርታ እግሯን ራሷ ለካች።