ሰሃን ያልሰበረው መንቀጥቀጥ

የእኛ ሰው ያልጮኸ ነገር አይገባውም። ሰርግ ከሆነ ስፒከሩ የሦስት ብሎክ ሰው እንቅልፍ መንሳት አለበት፤ ሚኒባስም መንገድ የሚለቀቅለት ክላክሱን ሲያምባርቅ ነው። ቀስ ብሎ የተናገረ ሰው እውነት ቢይዝም ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? እኔ ታዲያ፣ በሉ ፍረዱኝ፣ እንጀራዬ ቀስ ብሎ የሚመጣውን መጠበቅ ነው።

እንጦጦ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚለኩት አንዱ ነኝ። የእኔ ድርሻ ከባሕር ሥር የተነሳው መንቀጥቀጥ ሱናሚ ያመጣ እንደሆነ መለየት ነው። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው፦ የመንቀጥቀጡን መጠን ከለቀቀው የሞገድ ጉልበት ጋር ማስተያየት። ትልቅ ሆኖ ጉልበቱ ካነሰ፣ ረጅም ጊዜም ከቆየ፣ ያ ቀርፋፋው ነው፤ ሰውን ሳያስደነግጥ የባሕሩን ወለል አንስቶ ውሃውን የሚሰድደው። ይህን በምኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሳስረዳ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እንጦጦ ላይ ቁጭ ብለህ የማንን ባሕር ትጠብቃለህ?» ከዚያ ወዲህ የጎረቤት መሳቂያ ሆኜ ቀረሁ።

አንድ እሑድ እድር ተሰብስበን ሳለ የእትዬ ዘነበች ስልክ ጮኸ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። ልጃቸው ሰናይት ናት፤ አንድ የአረብ አገር ከባሕሩ ጥግ ያለ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። «እማዬ፣ አሁን መሬቱ ወዘወዘን፤ ግን ሰሃን እንኳ አልተሰበረም።» ተሰብሳቢው በአንድ አፍ «ተመስገን» አለ።

እኔ ግን ስልኩን ተቀብዬ ምን ያህል እንደቆየ ጠየቅኳት።

«አንድ ሙሉ መዝሙር ያህል።»

በራሴ ስልክ ተረኛው ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። ልኬቱ ደርሶታል፤ መጠኑ ከባድ፣ ጉልበቱ ኢምንት። ውሃው ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል አለኝ። «አሁኑኑ ወደ ዳገቱ ትውጣ» ብል ጋሽ ታደሰ ቆጣ አሉ። «ሰሃን ያልሰበረ ነገር ሰው አይገድልም፤ እናቲቱን አታስደንግጥ!» እውነቴን ነው፣ ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝ። ይባስ ብሎ ሰናይትም አሠሪዋ እንደማትለቃት፣ ሱናሚ ብትላትም እንደምትስቅባት ነገረችን።

ያመኑኝ እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ፊቴን አዩና ስልኩን ነጠቁኝ።

«እናቴ ሞተች በያት» አሏት፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ።

ሰናይት ገባትና እሪ አለች። ለሞትማ አሠሪዋ ምን ትበል፣ ለቀቀቻት። መርዶ ሰምቶ ደግሞ የአገራችን ልጅ ሥራ ላይ ይቀመጣል? በዚያ ባሕር ጥግ የተቀጠሩት ሁሉ አሠሪዎቻቸውን እየለመኑ፣ ሰናይትን ደግፈው፣ ዳገቱ ላይ ወደምትኖረው ጓደኛቸው ቤት ለቅሶ ሊቀመጡ ወጡ። እዚያ እያለቀሱ ባሕሩ ገባ። አሠሪዋ ፎቅ ላይ ስለነበረች ተረፈች፤ ሰናይት የምታድርበት የምድር ቤት ክፍል ግን እስከ ጣሪያው ውሃ ሞላው።

መርዶው በበኩሉ ዞሮ ዞሮ የሰናይት ዘመዶች ያሉበት ካራ ሰፈር ደረሰ። ማክሰኞ ዕለት የእትዬ ዘነበች ዘመዶች ደረታቸውን እየደቁ ሲመጡ በሩን የከፈቱላቸው ሟቿ ራሳቸው ነበሩ።

እኔ እንግዲህ ጋሽ ታደሰ ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አንተ መለካትህን ቀጥል» አሉ። «ለመርዶው የሚሞተውን ሰው እኛ እንፈልግልሃለን።»