የማይነካው ወርቅ

ሦስት ነን፦ ለቡ ብሎኬት የሚያመርተው ታደሰ፣ መካኒሳ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ነስሩ፣ የላፍቶው እኔ። "አለ" ሲባል "ውሰድ" የተባለ የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ነን።

ልጄ ዮናስ የአንድ ጥብቅ ደን ማዕድን ከሚያጠኑት ጋር ይሠራ ነበር። "አባዬ፣ ወንዙ ዳር ወርቅ አለ፤ የምናጠናው ግን ለማወቅ እንጂ ለመቆፈር አይደለም። ለማንም እንዳትናገር" አለኝ። ልጆቼን "ምላሳችሁን ያዙ" እያልኩ ያሳደግሁ ሰው፣ በልጄ ልኩራራ ብዬ ለሁለቱ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ አካፋ አለዎት?" አለ ታደሰ።

"ልጁን በሥራው እናግዘው እንጂ!" አሉ ሐጂ።

የደኑ ጠባቂዎች ጠጠር በጆንያ ስንሞላ ያዙን። እያንዳንዳችን ሦስት ሺህ ብር ተቀጣን። "ማን ነገራችሁ?" ሲሉኝ አልዋሸሁም።

ሒሳቡ ሲደመር ዘጠኝ ሺህ ብርና የዮናስ እንጀራ ሆነ።