የሊቀ ቁልፋት ቀይ ቁልፍ

በየመሥሪያ ቤቱ ጊዜ የሚቆጥብላችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። ጊዜያችሁን የሚጨርሰውም እሱ ነው።

የእኛው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። እኔ አርታኢ በሆንኩበት አሳታሚ ድርጅት የጥገና ክፍል ማለት እሱ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የሽቦ መበየጃ ነበሩ። በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ክቡር ሊቀ ቁልፋት እንለው ነበር፤ ማዕረጉን የሰጠነው ለቀልድ ቢሆንም እሱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብሎታል።

ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲጽፍ ካየ ያመዋል። ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ከኋላ ይቀመጣል።

«በቀን ስንቴ ነው ይቺን ሰላምታ የምትጽፊያት?» ይላታል ጸሐፊዋን።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ አሥሬ ይሆናል።»

«ሠላሳ ሁለቴ» ይላል። ቆጥሯላ!

ከሳምንት በኋላ መዳፍ የምታህል ሳጥን ይዞ ይመጣል። ገላዋ ከተሰበረ መሳቢያ የተቆረጠ እንጨት፣ ቁልፎቿ ከሞቱ ኪቦርዶች የተነቀሉ፣ ጅራቷ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ገመድ። አንዷን ቁልፍ ጫን ስትሏት ሙሉ ሰላምታውን ከነቀኑ ትጽፋለች። የሁለት ሰው ሳጥን አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። እጃችሁን ወረቀት ላይ አስዘርግቶ በእርሳስ ይከባል። ለጸሐፊዋ ለጥፍሯ ብሎ ቁልፎቹን አራርቆ ተከለላት። ለግራኙ የገጽ ቀማሪያችን ገመዱ በቀኝ በኩል ወጣለት። ቁልፉን መልሶ ወደ ላይ የሚገፋውን ጥምዝ ሽቦ ደግሞ በጠባይ ይመርጥ ነበር፤ ለዝግተኛ ላላ ያለ፣ ለችኩል ጠንከር ያለ።

ለሥራ አስኪያጃችን «የቀረበው ጽሑፍ ተቀባይነት አላገኘም» የምትል ቁልፍ ሠራለት። ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ከቢሮው በር ላይ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ቁልፍ ተበላሽታለች! አልጫን አለች!»

«አልተበላሸችም ጌታዬ፤ እያሰበች ነው።»

በዚያ ዓመት ከወትሮው በላይ ሁለት መጽሐፍ አሳተምን። ምክንያቱ የአንድ አውራ ጣት ድካም መሆኑን ደራሲዎቹ ዛሬም አያውቁም።

ሌላ ቀን የጽዳት ሠራተኛችን የገጽ ቀማሪውን ሳጥን በጨርቅ ብታሸው የአንድ ልብ ወለድ አራት መቶ ገጽ ከማተሚያው መውረድ ጀመረ። እኛ ገመድ ልንነቅል ስንራኮት ሊቀ ቁልፋት እጁን አጣጥፎ ቆሟል። «አያችሁ?» አለ፤ «በጨርቅ እንኳ ይሠራል!»

የኔ ተራ ደረሰ። ሃያ ዓመት ምሳ አብረን በልተናልና ያለ ወረፋ ሊሠራልኝ ይችል ነበር፤ እኔ ነኝ ስኮራ የቆየሁት። ምን እንደምፈልግ በጽሑፍ ሰጠሁት፦ «ምንጩ ይጠቀስ»፣ «ይህ ከዚህ በፊት ተብሏል»፣ የመሳሰሉትን የሊቅ ቃላት። ዝርዝሩን ኪሱ ከተተና እንደ ልማዱ ሦስት ቀን ከኋላዬ ተቀመጠ።

ባለ ዘጠኝ ቁልፍ ሳጥኔን ያመጣልኝ ሁሉም ባሉበት ነው። ስምንቱ ያዘዝኳቸው ነበሩ። መሐል ላይ ያለችውን ቀይዋን ግን አላዘዝኳትም። ራሱ ተጫናት። ስክሪኑ ላይ «ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ጋሼ፣ ጉድ አፈላህ!» አለች ጸሐፊዋ።

«ይቺን መቼ አዘዝኩህ?»

«አላዘዝክም። ግን በቀን አሥራ አንዴ ትጽፋታለህ። ለደራሲዎች ስድስቴ፣ ለማተሚያ ቤት አራቴ፣ ለእህትህ አንዴ።»

እውነት ስለሆነ ነው የከፋኝ። «አንተ ጠጋኝ ነህ» አልኩት። «ማሽን ጠግን፤ ሰው አትጠግን።»

ሳቁ ቆመ። ገመዱን ነቀለ፣ በሦስት ጣቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ አኖረው። «እሺ» አለ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ «እርስዎ» አለኝ። ምሳውንም ከጠረጴዛው ሳይነሣ መብላት ጀመረ። ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩና ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሦስት ዓመት ሞላ። ጡረታ የወጣ ቀን አንድ ረቂቅ ይዞኝ ቆይቼ ወደ መሸኛው ስወርድ ጸሐፊዋ ወንበር እየደራረበች ነበር።

«አሁን ወጣ» አለችኝ። «እስካሁን በሩን በሩን ሲያይ ነበር።»

አሁን ሌላ ከተማ ልጁ ቤት ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ብየዳውን እንደተወ ሰማሁ። ባለፈው ሳምንት መሳቢያዬን ሳጸዳ ሳጥኑን አገኘሁትና ሰካሁት። ስምንቱም ቁልፎች ያዘዝኩትን ቃል በቃል ጻፉ። ደብዳቤ ልጽፍለት ተነሣሁ። ከሰላምታው በኋላ ግን ቃል ጠፋኝ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ዐረፍተ ነገር ያረምኩ ሰው አንድ የራሴ አጣሁ።

ጣቴን ቀይዋ ላይ አሳረፍኩ። አልወርድ አለች። የተበላሸች መሰለኝ። በአውራ ጣቴ ሞከርኩ፤ አሁንም እንቢ። ያኔ ነው የገባኝ። ያን ቀን የተጫናት እሱ ነው፤ እኔ አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም ነበር። እንደ ሥራ አስኪያጁ ያለ ጠንካራ ሽቦ ነው የሰጠኝ። ቃሉን በነፃ ሊያስጽፈኝ አልፈለገም።

ተነሥቼ ቆምኩና በሁለት እጄ ተጫንኳት። ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ።»

በዚያችው ላይ ስሜን ጽፌ ላክሁለት። መልሱ እስካሁን አልመጣም። ይዘግይ፤ ተራው ነው።