ፕላስቲክ የለበሰው ቅጽ

በየቤተሰቡ አንድ የወረቀት ዘበኛ አለ። ሌላው ሰው ወረቀት ትዝ የሚለው ሲጠየቅ ነው፤ ዘበኛው ግን ሳይጠየቅ ያስባል፤ ሳይታዘዝ ይሰበስባል። የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ የአማቱን የሆስፒታል ቀጠሮ፣ ከተሸጠ ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን የብስክሌት ደረሰኝ ሳይቀር በብረት ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን በአንገቱ ያንጠለጥላል። ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያወጣው ሕፃኑን ሳይሆን ሳጥኑን ነው ተብሎ ይታማል። ሐሜቱ ግማሽ እውነት አለው፤ ሕፃኑን በአንድ እጁ፣ ሳጥኑን በሌላው እጁ ይዞ ይወጣል።

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ ሰፈር፣ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክቡር አቶ ኦይታ ናቸው። አቶ ኦይታ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በጡረታ ተሰናብተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ደብዳቤ እንኳ እንዳልጠፋችባቸው ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ይሥቃሉ፤ ሥቀው ሲያበቁም የቤታቸውን ካርታ ግልባጭ እሳቸው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ጡረታ በወጡ በወሩ አንድ ክፉ አጋጣሚ ተፈጠረ። በመናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ዘካሪያስ ወረቀትን በሁለት ስስ ፕላስቲክ መካከል አስገብቶ በሙቀት የሚያጣብቅ ማሽን አስመጣ። አቶ ኦይታ ማሽኑን ባዩበት ቀን በፊታቸው ላይ የበራውን ብርሃን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻሺቱ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም፤ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ እንዲህ ያለ ብርሃን አላዩም።

አቶ ኦይታ ትውልዳቸው ዶርዜ፣ አባታቸውም ሸማኔ ስለነበሩ ይሆናል፣ ሌላው ሰው ላሚኔት ማድረግ የሚለውን እሳቸው «ማልበስ» ይሉታል። አንድ ወረቀት እጃቸው ሲገባ በግራና በቀኝ አገላብጠው ያዩታል፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅላሉ፤ ከዚያም በተረጋጋ ድምፅ «ይህ ይልበስ» ይላሉ። ከዚህ ፍርድ ይግባኝ የለም።

መጀመሪያ የለበሱት መልበስ የሚገባቸው ነበሩ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች ሰርተፊኬት። ቀጥሎ የሐኪም ማዘዣ ለበሰ፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ማኅተም የሚመታበት ቦታ አጥቶ ማዘዣውን ከነልብሱ መለሰው። የልጅ ልጃቸው ዕድላዊት፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሠርታ ያልጨረሰችው የሒሳብ የቤት ሥራ ለበሰ፤ መምህሯም ማርኩን በሌላ ወረቀት ጽፎ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ላከው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች የስብሰባ አጀንዳ በለበሰ ጊዜ ደግሞ አንዱን ነጥብ ሰርዞ ሌላ ማስገባት የማይቻል ሆነ። በዚህም ምክንያት ያ ስብሰባ በአጀንዳው መሠረት ተጀምሮ በአጀንዳው መሠረት ያለቀ የመጀመሪያው ስብሰባ ለመሆን በቃ። አቶ ኦይታ ይህን እንደ ታላቅ ድል ይቆጥሩታል፤ ምናልባትም ልክ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚያሥቀው ምኞት የምትባለው የመጨረሻ ልጃቸው ለነርስነት ትምህርት እስካመለከተች ድረስ ነበር።

ምኞት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ አልፋለች። ከልጅነቷ ጀምራ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ። በከተማዋ ያለ አንድ ኮሌጅ አርባ ተማሪ ብቻ እንደሚቀበል፣ ማመልከቻም ዓርብ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ በበሩ ላይ ለጠፈ። ያ ዓርብ ካመለጣት አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት፤ በዓመቱ ደግሞ ይኸው ውጤት ይበቃ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ማስታወቂያው ዘጠኝ መስፈርት ይዘረዝራል። ምኞት በስልኳ ፎቶ አነሳችው። አቶ ኦይታ ስልክ ስለማያምኑ ራሳቸው ሄደው በር ላይ ቆመው በእጃቸው ገለበጡት። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚተዳደረው በዘጠኙ መስፈርቶች ሆነ። ጉርድ ፎቶው ሁለቱንም ጆሮ ማሳየት አለበት ስለሚል፣ የመጀመሪያውን ፎቶ «ግራ ጆሮ በከፊል ብቻ ተገኝቷል» በማለት ውድቅ አደረጉት። ልጅቱ ሁለተኛ ጊዜ ተነሳች። የዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷን ግን ከማሽኑ ለማትረፍ በመዝሙር መጽሐፏ መካከል ደብቃ መጽሐፉን ተንተርሳ ታድር ነበር። አባቷን ታውቃቸዋለች።

ያልደበቀችው የጤና ምርመራ ቅጹን ነው። ባዶ ቅጽ ማን ይደብቃል?

ቅጹን ረቡዕ ዕለት የሰጠቻት የኮሌጁ የሬጅስትራር ሠራተኛ ወይዘሮ አመለወርቅ ነች። የምኞትን ፎቶ ለጥፋበት፣ ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ማኅተም መታችበት፤ ተከታታይ ቁጥሩንም በመዝገብ ጻፈች። ለአንድ አመልካች አንድ ቅጽ ብቻ እንደሚሰጥም አስጠነቀቀቻት። ምኞት ቅጹን ጠረጴዛ ላይ አኑራ ወደ መዘምራን ልምምድ ሄደች። ስትመለስ ቅጹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያበራ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ገና አልተሞላም እኮ።»

«ተራ ቁጥር ሰባትን አንብቢ» አሉ አቶ ኦይታ ቀና ሳይሉ።

አነበበች። ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ የጤና ምርመራ ቅጹ ያልታጠፈ፣ ያልረጠበና ያልተቀደደ ሆኖ መቅረብ አለበት። በኮሌጁ ታሪክ ይህን መስፈርት በዚህ ልክ ያሟላ ቅጽ አልነበረም፤ ወደፊትም አይኖርም።

ሐሙስ ጧት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ዓይኗን አየ፣ ሳንባዋን አዳመጠ፣ ደሟን መረመረ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አነሳ። እስክሪብቶው ተንሸራተተ። ሌላ ሞከረ፤ እርሱም ተንሸራተተ። ማኅተሙን ሲመታው ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ዋኝቶ አውራ ጣቱ ላይ ቀረ።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ» አላት ጣቱን እየጠረገ፤ «ይህን የምጽፍበት ቦታ ግን የለኝም።»

ዘካሪያስ ፕላስቲኩን በምላጭ ሊያነሳ ሞከረ። ከፕላስቲኩ ጋር የመጀመሪያው መስመር አብሮ ሲነሳ ምኞት እጁን ያዘችው። ማታ ወይዘሮ ሻሺቱ ለባለቤታቸው በጋሞኛ የተናገሩትን ወደ አማርኛ መመለስ ለአንባቢ አይጠቅምም። ምኞት ግን አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። እራቷን ሳትበላ ወደ መኝታዋ ሄደች። አቶ ኦይታ የፈሩት ይህንን ነው።

ዓርብ በሦስት ሰዓት አባትና ልጅ ሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ቆሙ። ወይዘሮ አመለወርቅ በዚያ መስኮት ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች፤ በዚህ ዘመን ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማትም። ቅጹን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ በጥፍሯ ጫረችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ጠፋ ይበሉ። ከፖሊስ ጣቢያ የጠፋበት ማስረጃ ይዘው ይምጡ፤ ወዲያው ሌላ እሰጣለሁ። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

አቶ ኦይታ ቅጹን ተመለከቱ። ቅጹ በእጃቸው ነበር።

«አልጠፋም» አሉ።

ወይዘሮ አመለወርቅ አለመጥፋቱን እንደምታይ፣ ነገር ግን መንገዱ ይህ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳች። እሳቸውም ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ይዘው ወረቀት እንዳልጠፋባቸው፣ በእጃቸው የያዙትን ጠፋ ብለው ፖሊስ ፊት ለመፈረም ዕድሜያቸውም ሃይማኖታቸውም እንደማይፈቅድላቸው በዚያው ትዕግሥት አስረዱ። ከኋላ የተሰለፉት አመልካቾች ማጉረምረም ጀመሩ። ምኞት ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችው ነገር ያን ጊዜ ወጣ።

«አባዬ፣ ለእኔ ብለህ አንድ ቀን እንኳ አንድ ወረቀት ይጥፋብህ።»

አቶ ኦይታ አንድ ነጭ ወረቀት ለምነው ተቀበሉና በግቢው ማንጎ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መጻፍ ጀመሩ። ምኞት ከሩቅ ቆማ ታያቸዋለች፤ ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፣ ያስባሉ። የዶርዜ ሸማኔ ድሩን እንደሚመረምር እያንዳንዱን መስመር ይመረምራሉ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓት አለፈ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ለእሳቸው የሚመጣ አይመስልም ነበር።

በመጨረሻ ተነሥተው ደብዳቤውን በመስኮቱ አስገቡ። ወይዘሮ አመለወርቅ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች፤ እንደገና አድርጋ እንደገና አነበበች። ከዚያ ለምኞት አቀበለቻት፤ አመልካቿም ስላለችበት ማንበብ አለባት አለች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የተበላሸ ቅጽን ይመለከታል። ቁጥሩ 112 የሆነው የጤና ምርመራ ቅጽ አልጠፋም። ሐኪም ሳይጽፍበት ፕላስቲክ አልብሼ ከጥቅም ውጭ ያደረግሁት እኔ የአመልካቿ አባት ነኝ። አመልካቿ ጥፋት የለባትም። ምክንያቱ ቢጠየቅ፣ በ1977 ዓ.ም. ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ተመርጬ ሳለ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ዶርዜ በአባቴ ቤት ግድግዳ ተሰክቶ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሽመና ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ምስጥ ቤቱን ከሥሩ እየበላ ዝቅ ስላደረገው ሰርተፊኬቱም አብሮ ወርዶ ተበልቶ ተገኘ። ምትኩ እስኪመጣ ምዝገባው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ለወረቀት ጥንቃቄ አበዛለሁ። አሁን ከመጠን በላይ በዝቶ ተገኝቷል። ይህ ደብዳቤ ከልጄ ማኅደር ጋር ተያይዞ እንዲቀመጥና ለእርሷ ምትክ ቅጽ እንዲሰጣት በትሕትና አመለክታለሁ።»

ምኞት ሁለት ጊዜ አነበበችው። አባቷ የመዝገብ ቤት ሰው እንደሆኑ እንጂ ሌላ ነገር ሊሆኑ ነበር ብላ አስባ አታውቅም። ሕሙማን ማከም መፈለጓን ከማንም ያልወረሰችው፣ የራሷ ብቻ የሆነ ነገር ይመስላት ነበር። ቀና ብላ ስታያቸው አቶ ኦይታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የትምህርት ካላንደር በጥሞና ያነቡ ነበር፤ ካላንደሩ የአምና ነው።

ወይዘሮ አመለወርቅ ከመሳቢያዋ የአሠራር መመሪያውን አወጣች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ አንቀጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ለተበላሸ ቅጽ፣ ያበላሸው ሰው በጽሑፍ ሲያምን ምትክ ይሰጣል። አንቀጹ ከመጀመሪያም ነበረ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተጠቀመበትም፤ ምክንያቱም በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቅጽ አበላሸሁ ያለ አንድም ሰው አልመጣም። በኮሌጁ መዝገብ መሠረት ሁሉም ቅጾች ጠፍተዋል።

አዲሱን ቅጽ ስትዘረጋ አቶ ኦይታ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሰደዱ። ምኞት ቀደመቻቸው። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ሲበሩ ቅጹን በፋይል ይዛ በአንድ ጥግ ተቀመጠች፤ እሳቸው በሌላው ጥግ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መካከል ሸጉጠው ተቀመጡ። ሐኪሙ ምሳ ወጥቶ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁት። ሲገባ ምኞትን አይቶ ፈገግ አለና መጀመሪያ ወረቀቱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ጻፈ። በዐሥር ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዘጠኙ መስፈርቶች በመስኮቱ ገቡ።

የኮሌጁን የመግቢያ ፈተና፣ የጽሑፉንም የቃሉንም፣ አለፈች። ስማቸው ከተለጠፈው አርባ ተማሪዎች ሃያ ሦስተኛዋ ሆነች። የመግቢያ ደብዳቤዋን ይዛ ቤት የገባች ቀን አቶ ኦይታ ተቀብለው በግራና በቀኝ አገላበጡት። መነጽራቸው ወደ ግንባራቸው ወጣ። ወይዘሮ ሻሺቱ ትንፋሻቸውን ያዙ። አቶ ኦይታ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉትና ደብዳቤውን ለልጃቸው መለሱላት። ወይዘሮ ሻሺቱ አሟቸው እንደሆነ ጠየቋቸው።

በማግሥቱ ምኞት ወደ ኮሌጁ ተመልሳ የዚያን በማንጎ ሥር የተጻፈ ደብዳቤ ግልባጭ ለመነች። ወይዘሮ አመለወርቅ ከማኅደር የወጣ ወረቀት እንደማይሰጥ ነገረቻት፤ ከዚያ ግን ገልብጣ፣ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማኅተም መትታ ሰጠቻት። ከዚያ በቀጥታ ዘካሪያስ ሱቅ ሄደች። ማታ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሚያበራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በአባቷ ፊት አኖረችው።

አቶ ኦይታ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ገለበጡት። አራቱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንድ በአንድ ፈተሹ።

«የዚህኛው ጠርዝ አልያዘም» አሉ በመጨረሻ፤ «ዘካሪያስ ማሽኑን በደንብ ሳያሞቅ ነው የሠራው። ነገ ውሰጂው፤ እንደገና ይልበስ።»

ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው የተረጋጋ አልነበረም።