ሞላ እንደ ቅርጫ ሥጋ

መኪና የሌለው ወንድ አያሰጋኝም፤ መኪና ያለውም ቢሆን ግድ የለኝም። እኔ የምፈራው፣ መኪናው ደህና እየሄደለት አላርፍም የሚለውን ነው! እንዲህ ዓይነቱ ሰው ቤት ቢሠራ በማግስቱ በሩን ወደ ጓሮ ያዞራል። ሚስት ቢያገባ አፍንጫዋን ካላስተካከልኩ ይላል። «ኧረ አበዛሽው!» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አረፍ በሉና የዳንኤልን መኪና ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ እዚሁ ሆሳዕና ከተማ ነው። ሁለት የልጅ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሳራና ማርታ። ታላቂቱ ሳራ ስትዳር አንድ ዘመዳችን ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ለምኖ፣ በመኪና ከቤቴ ወጣች። የማርታ ሠርግ ሲደርስ ግን የሙሽራው ሽማግሌዎች መጥተው «መኪና አልተገኘም። በፈረስ ጋሪ ብንወስዳትስ? በአበባ እናስጌጠዋለን» አሉ።

«አበባውን ለፈረሱ አብሉት!» አልኳቸው። «አንዷን በመኪና፣ አንዷን በጋሪ? በእኔ ቤት አይደረግም! ሁለቱንም በአንድ ጭልፋ ነው ያሳደግኳቸው።»

ማርታ አፍ አውጥታ አትናገርም። ግን የእህቷ ሠርግ በተወራ ቁጥር ብድግ ብላ ጓዳ ትገባ ነበር። ልጅ ጓዳ ስትገባ ለምን እንደገባች ለማወቅ ደግሞ እኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም።

ሙሽራው ተጨነቀና አዲስ አበባ ለሚኖር ጓደኛው ላከበት። ሚዜ ሆኖ መጣለት፤ ዳንኤል ይባላል፤ ከነመኪናው። መኪና ስላችሁ... ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው እንደ ተደፋ ሳህን ልጥፍ ያለ፣ የስፖርት መኪና የሚሉት! ማርታ በመስኮት አየችውና ጓዳ መግባቷን ተወች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

ዳንኤል ግን መኪናውን አንድ ዙር ዞረና «ከፍ ብሏል» አለ።

«ከምን?» አልኩት።

«ከመሬት ነዋ፣ እማማ። ለሠርጉ እንዲያምር ብዬ አጭር ሞላ ይዤ መጥቻለሁ።»

ሞላ የሚሉት ከጎማው በላይ ተጠምጥሞ መኪናውን የሚሸከመውን ብረት ነው። ሲያጥር መኪናው ወደ መሬት ይወርዳል።

«ልጄ፣ የእኛን አገር መንገድ አይተኸዋል?»

«ዝቅ ሲል እኮ ነው መንገድ የሚይዘው!»

«መንገዱ እሱን እንዳይዘው ነው የእኔ ፍርሃት!»

ማን ይሰማኛል! ሎምባሞ ጋራዥ ሄድን። ጋራዥ ይባል እንጂ ከመካኒኩ ከሎምባሞ ቤት ጀርባ ያለ ግቢ ነው፤ መኪና የሚያነሣ አንድ ክሪክ፣ አንድ ሣጥን መፍቻና ብዙ ድፍረት አለው። «አንቺን ምን ወሰደሽ?» ትሉኝ ይሆናል። የልጄ ሠርግ የተንጠለጠለው በዚያ መኪና ላይ ነው፤ እኔ ካልሄድኩ ማን ይሂድ?

የድሮው ሞላ እንዲወጣ መጀመሪያ ተጭኖ ማጠር አለበት። ሎምባሞ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለውም። «ሰው ይቀመጥበትና እኔ በገመድ አስረዋለሁ» አለ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ... ቃኘ... ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ምን ታያለህ?»

«አይ... ክብደት ያለው ሰው ፈልጌ ነው፣ እማማ።»

የምመልስለት ነበረኝ፤ ለማርታ ስል ዋጥኩትና መኪናው አፍንጫ ላይ በቀኝ በኩል ወጣሁ። «በግራ በኩልስ? ብቻዬን አልጫንም!» ብዬ የሙሽራውን ሁለት አጎቶች አስቀመጥኩ። «ያም ሆኖ ወደ እርስዎ አጋደለ» የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው።

ረጅሞቹ ወጡ፣ አጭሮቹ ገቡ። ጎረቤት ያለው አንጥረኛ የወጡትን አይቶ «ጥሩ ማጭድ ይወጣቸው ነበር» ብሎ ምራቁን ዋጠ። ዳንኤል በደስታው ብዛት «ውሰዳቸው!» አለው። አንጥረኛው፣ ልጁ ሐሳቡን ሳይለውጥ ብሎ ይዟቸው በሩጫ ሄደ።

መኪናው ከክሪኩ ወረደ። እውነት ለመናገር አምሮበት ነበር። ብቻ... ወደ ግራ አዘነበለ።

«የቀኙ ሞላ ረዝሟል» አለ ሎምባሞ።

ይሄኔ ከተመልካቹ መሐል አቶ ኤርጃቦ ተነሡ። በሆሳዕና ለመስቀል በሬ በቅርጫ ሲታረድ መደቡን የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ከአንዱ መደብ የሻኛ ቅንጣት አንሥተው ወደ ሌላው ሲወረውሩ ዓይናቸው ከሚዛን አይተናነስም።

«ምን ያጨቃጭቃል? ከበዛው ቁረጡ!» አሉ።

«ትክክል!» አልኩ። እኩል ማካፈል ነፍሴ ነው። ዘመኑም እኩልነት ይወድ ነበር፤ ያልተጻፈበት ግድግዳ አልነበረም።

ሎምባሞ የብረት መጋዙን አምጥቶ ከቀኙ ቆረጠ። መኪናው አሁን ወደ ቀኝ አዘነበለ። ከግራው ቆረጠ። ወደ ግራ!

«ከቀኙ ደግሞ ጥቂት!»

«ኧረ ቀኙ ተበደለ!»

«በቃ! በቃ! መኪናዬን ጨረሳችሁት!» ይላል ዳንኤል።

«አንተ ልጅ፣ አርፈህ ቁም! መደቡ ሳይስተካከል ዕጣ አይጣልም!» ይሉታል አቶ ኤርጃቦ።

በቅርጫ ጊዜ ከትልቁ መደብ የተነሣው ሥጋ ለትንሹ ይጨመራል። ሞላ ላይ ግን የተቆረጠው ለማንም አይደርስም፤ መሬት ይወድቃል፣ በቃ። ይህንን ከእኛ መሐል ያሰበ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አቶ ኤርጃቦ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና «እኩል!» አሉ። አጨበጨብን። ዳንኤል ሞተሩን አስነሥቶ ዋናው መንገድ ላይ አወጣው... መኪናው ጎኑን እንደ ታመመ ሰው ወደ ቀኝ ተጋደመ!

እኛ ግቢው ውስጥ ቆመን እናያለን። አንዲት ቀለበት የመሰለች የሞላ ቁራጭ ይዤ ነበር፤ በድንጋጤ ከእጄ ወደቀች። ወድቃም አልቀረች፤ መንከባለል ጀመረች። ግቢውን ሙሉ አቋርጣ አጥሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። ሁላችንም በዓይናችን ሸኘናት።

«ሎምባሞ፣ ግቢህ ተዳፋት ነው እንዴ?» አልኩት።

«ተዳፋት እንኳ አይባልም... ትንሽ ወደ ግራ...»

ለካ ያዘነበለው መኪናው ሳይሆን መሬቱ ኖሯል! እኛ ደህናውን መኪና ለተዳፋት መሬት ስናስተካክል ነው የዋልነው። ጥፋቱ የመሬቱ ነው። መሬት ደግሞ ያኔ የመንግሥት ነው፤ እስቲ ማን ደፍሮ ይክሰሰው?

ዳንኤል የድሮዎቹን ሞላዎች ሊያስመልስ ወደ አንጥረኛው ሮጠ። አንደኛው እሳት ውስጥ ቀልቷል፤ ሌላው ማጭድ ሆኖ እጀታ ይጠብቃል። ሌላ ምን ምርጫ አለ? ዋናው መንገድ ላይ ከግራው ተቆረጠና መኪናው እኩል ሆነ። እኩል ሆነና ከሥሩ ድመት አታልፍም።

የሠርጉ ዕለት ማርታ ቬሏን ለብሳ መኪናው ውስጥ ወረደች፤ «ገባች» አልልም፤ ጉድጓድ ውስጥ ይወረዳል እንጂ አይገባም። እኔ በጋሪ ከኋላ ተከተልኩ። ዳንኤል እያንዳንዷን ጠጠር እየለመነ ስለሚያልፍ፣ ባለጋሪው ፈረሱን «እረፍ! ሙሽራ አይቀደምም!» እያለ ይቆጣው ነበር።

ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ፣ ወደ ሙሽራው አባት ደጅ የሚያስገባው መንገድ ላይ ደረስን። ጋሪ ሲመላለስበት ጎንና ጎኑ ቦይ ሆኗል፣ መሐሉ ጉብ ብሏል። ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ገቡ፣ የመኪናው ሆድ ጉብታው ላይ ተቀመጠ። ጎማው ይዞራል፣ አቧራው ይነሣል፣ መኪናው ንቅንቅ የለም።

«ሙሽራዋ ትውረድና የቀረውን በእግር እንሂድ» አለ ዳንኤል።

የማርታን ፊት አየሁት። ያ ጓዳ የምትገባበት ፊት! እንዴት ከጋሪው እንደዘለልኩ አላውቅም።

«አትወርድም! እህቷ ደጅ ድረስ በመኪና ገብታለች፣ እሷም ደጅ ድረስ በመኪና ትገባለች!»

«መኪናው አይሄድማ፣ እማማ!»

«መኪናው ባይሄድ ሰው ይሄዳል!»

የሌሞ ሰው መሸከም ያውቅበታል። በሽተኛ በቃሬዛ ይሸከማል፣ የጎጆ ጣሪያ ከነሣሩ ይሸከማል። የባሕር ዛፍ አጣና ከሥሩ አሾለኩና «ሆ!» ብለው ብድግ አደረጉት። ዳንኤልን «አንተ እንኳ ውረድልን እንጂ!» ቢሉት «መሪ የሚይዝ ያስፈልጋል» ብሎ እምቢ አለ። እየማልኩላችሁ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ሲታጠፉ እሱም አየር ላይ መሪውን ያዞር ነበር! የሠርጉ ዘማሪዎች ከፊት እየዘመሩ፣ ማርታ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች፣ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ደጅ ገባች። ልቤ ረካ።

ለካ ሳራ ቀድማ ደርሳ፣ ልጇን እንዳዘለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማማ!»

«ምነው ልጄ?»

«ይሄ ፍርድ ነው? እኔን መኪና ተሸከመኝ፤ እሷን ግን ከነመኪናዋ ሰው ተሸከማት!»

ወዲያ አሰብኩት፣ ወዲህ አሰብኩት... ልጅቷ እውነቷን ነው! ላባቸውን ወደሚጠርጉት ተሸካሚዎች ዞርኩ።

«ልጆቼ፣ ተባረኩ። ከምሳ በኋላ መኪናው ሲመለስ ሳራ ትቀመጥበታለች፤ እናንተም እስከ ዋናው መንገድ ትሸከሟታላችሁ።»

ይህን ብዬ ሳራን አቅፌ ሳምኳት። ቀና ስል ደጁ ጭር ብሏል። እግር ያለው ሁሉ ሄዷል። የጠበቀን መኪናው ብቻ ነበር፤ እሱም ቢችል ኖሮ አይጠብቀንም ነበር።